ሦስተኛው ክብሪት

እናቷ የሆስፒታሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጅቷን ታቅፋ ነበር። አባቷ በሩ ሥር ቆሟል፤ መኪናውን በማይፈቀድ ቦታ ፓርክ አድርጎ ስለመጣ ቁልፉን በእጁ ይዞ በየደቂቃው ኮሪደሩን ያያል። አያቷ በመስኮቱ በኩል ነች፤ ሲታክ አየር ማረፊያ አጠገብ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ የምትለብሰውን ሽርጥ አላወለቀችም። ነርሷ አልጋው ራስጌ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ ነበረች። አስተርጓሚዋ ክፍሉ ውስጥ የለችም፤ ማቆሚያ ላይ ከተሰቀለ ስልክ የሚወጣ ድምፅ ብቻ ናት። እኔ የእጅ መታጠቢያው ጋ ነበርኩ። ወንበር አልጠፋም፤ ሁለት ጊዜ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ።

ሰዎቹ ቱክዊላ ከተማ በምንኖርበት ሕንፃ ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቋንቋቸው ስፓኒሽ ነው። ልጅቷ ሁለት ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምይዛት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ወላጆቿ ሥራ ሲገቡ አያቷ ትይዛታለች። ከእናቷ ጋር በእንግሊዝኛ እንግባባለን፤ የእሷም የእኔም እንግሊዝኛ ያው ነው። ከአያቷ ጋር የምንነጋገረው በእጅ ነው።

የዚያን ቀን ከምሳ በኋላ እኔ ቤት ሳለች ልጅቷን አተኮሳት። ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩላት። ሶፋው ላይ እንደተኛች ዓይኗ ወደ ላይ ዞረ፤ እጅና እግሯ ደርቆ ያንቀጠቅጣት ጀመር። እኛ አገር ሰው እንዲህ ሲሆን ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። ተማሪ ሳለሁ አንዲት ልጅ ሰልፍ ላይ ስትወድቅ አስተማሪያችን ራሱ እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እሱን አልፌ ክብሪት ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ።

አንዱን ጫርኩና አጥፍቼ አፍንጫዋ ሥር ያዝኩት። ምንም የለም። ሁለተኛውን ጫርኩ። ምንም የለም። ሦስተኛውን ስጭር አያቷ ከሥራ ተመልሳ ልጅቷን ልትወስድ በሩን ከፍታ ገባች። ወዲያው መንቀጥቀጡ ቆመ። አምቡላንስ ለመጥራት ናይን ዋን ዋን የደወልኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አያቷ ያየችው ይህን ብቻ ነው፤ እኔ ክብሪት ስጭር፣ ልጅቷ ስትድን። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን ትስም ነበር። እሷ ከልጅቷ ጋር ሄደች፤ እኔን አባቷ ከሥራው መጥቶ በመኪናው ወሰደኝ። ስንደርስ ለእናቷም፣ ወለል ለሚወለውለው ሰውም አውርታ ጨርሳለች። «ዶክቶራ! ዶክቶራ!» እያለች ወደ እኔ ትጠቁማለች።

እናቷ ዓይኗ እንደቀላ ፈገግ ብላ ተረጎመችልኝ። «ሐኪሞቹ ነጩን ጋዋን አውልቀው እርስዎን ያልብሱ ትላለች።»

በዚህ መሐል ልጄ ደወለች። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አነሣሁት።

«እማዬ፣ ልጅቷ እንዴት ናት?»

«ነቅታለች። እኔማ ክብሪት ጭሬ...»

«ምን? ለማን ነገርሽ?»

«አያቷ አይታለች።»

«ሶ አይታለች፣ በቃ። ነርሷ ፊት እንዳታነሺው። ሕፃን ፊት ላይ እሳት አመጣች ብለው ሪፖርት ያደርጉሻል። ኦኬ? እማዬ፣ ኦኬ በይኝ።»

«ኦኬ» አልኳት።

ስመለስ ነርሷ ማስረዳት ጀምራ ነበር። በትንንሽ ልጆች ላይ ከትኩሳት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው አለች። ለሚያየው ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳያደርስ በራሱ ጊዜ ያቆማል። የሚጥል በሽታ አለባት ማለት አይደለም። ነገር ግን ሌላ ጊዜ ሲያተኩሳት ሊመለስ ይችላል። ያን ጊዜ በጎኗ ማስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ አጥብቆ አለመያዝ፣ ሰዓት ማየት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም አተነፋፈሷ ካስፈራችሁ ወዲያው መደወል።

የስልኩ ድምፅ ሁሉንም በስፓኒሽ ተናገረው። እናቷ በየቃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። አያቷም ነቀነቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ የሽርጧን ኪስ መታ መታ አደረገችና ጠቀሰችኝ። ከኪሷ የክብሪቱ ቀፎ ጫፍ ይታያል። ከሶፋው ላይ አንሥታው ኖሯል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ዓርብ አንድ ቀን ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ የአያቷ ተራ ነው። ልጅቷ ገና ትኩሳቱ አልለቀቃትም። ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ።

«አንድ ነገር ልናገር» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ያዳናት ክብሪቱ አይደለም። በመጀመሪያው አልቆመላትም፣ በሁለተኛውም አልቆመላትም። ሦስተኛውን የጫርኩት ሊያቆም ሲል ነው። አያቷ እንደዚያ እንዳታደርግ ንገሩልኝ።»

«ይቅርታ፣ ክብሪት ነው ያሉት? የሚጫረው ክብሪት?» አለች አስተርጓሚዋ።

«አዎ፣ የሚጫረው።»

ተረጎመችው። እናቷ የልጅቷን አገጭ ወደ መብራቱ ቀና አድርጋ አፍንጫዋ ሥር አየች። ነርሷም ጎንበስ ብላ አየች። ቆዳዋ አልተነካም አለች።

«ከመደወልዎ በፊት ነው?» አለችኝ እናቷ።

«በፊት ነው።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

አያቷ ቀፎውን አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። «ታዲያ እስካሁን ስመርቅሽ አፍሽን ምን ዘጋው?» ብላ በአስተርጓሚዋ ጠየቀችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ነርሷን ከመጀመሪያው ድገሚልኝ አለቻት።

«ገላዋን በአልኮል ባሻትስ?»

«አይደረግም።»

«ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ብነክራት?»

«እሱም አይደረግም።»

«ማንኪያ?»

«ምንም ነገር አፏ አይገባም።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ላያት?»

«በጎኗ አስተኝተው፣ ሰዓት እያዩ፣ አጠገቧ ሆነው።»

«ይሄ ከሁሉም ይከብዳል» አለች አያቷ። ፎጣ እንደ ሕፃን ጠቅልላ ወንበሩ ላይ በጎኑ አስተኛችው። ነርሷ አስተካከለችላት። ፈታችውና እንደገና ጠቀለለች። ሦስት ጊዜ አደረገችው፤ በሦስተኛው የግድግዳውን ሰዓት እያየች።

እናቷ ልጅቷን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረቻት። «ከነገ ጀምሮ እኔ ቤት እቀራለሁ» አለችኝ። «ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።» ቁጣ አልነበራትም።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

ልጅቷ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። እናቷ እጇን ቀስ አድርጋ ብርድ ልብሱ ውስጥ መለሰችው። ሹራቤን ለበስኩ። አባቷ ከበሩ ገለል አለልኝ፤ ወጣሁ።