ሞሌ ላይ የተላከችው ልጅ

ብዕር መያዝ የሚያምርባቸውን ሰዎች ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የምጀምረው። ፊደል የቆጠርኩት እንደ ነገሩ ነው፤ ቃል ብገድፍ አንባቢ ያቃናልኝ። የሲኞር ሴኮንዶን ነገር ግን የሚጽፍለት ሰው ስላጣሁ ደፈርኩ።

ሴኮንዶ ጣሊያን አገር፣ ቶሪኖ ከተማ ውስጥ፣ ቪያ ፖ በሚባለው ጎዳና ላይ ጃንጥላ ይሸጣል። የቪያ ፖ በረንዳ ደግሞ ከአደባባዩ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ጣሪያ ነው፤ ዶፍ ቢወርድ ጠብታ አይነካህም። በዚህ የተነሳ ጎረቤቱ፣ ባለቡና ቤቱ ቱሊዮ፣ ሳይተርበው ውሎ አያውቅም።

«ሲኞር ሴኮንዶ፣ ዛሬስ ለወንዙ ዓሣ ስንት ጃንጥላ ሸጡ?»

«ዓሣውስ ይገዛ ነበር፤ ያንተን ምላስ ፈርቶ ነው» ይላል ሴኮንዶ ቀስ ብሎ።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው አንድ ልጅ ናት፤ ኒቬስ። ምህንድስና ልትጨርስ አንድ ፈተና ቀርቷታል። ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ ትሪየስቴ፣ መርከብ የሚሠራበት ቦታ ሥራ ይጠብቃታል። ሴኮንዶ ለደንበኛው ሁሉ «ልጄ መርከብ ልትሠራ ነው» እያለ ይኩራራል፤ ሱቁን ሲዘጋ ግን ሆዱ ይባባል።

ጥፋቱ የመጣው እህቱ ክሎቲልዴ ከገጠር ልትጠይቀው በመጣች ጊዜ ነው። ሞሌን ካልወጣሁ አለች፤ ያንን ከሱቁ ጀርባ ጣሪያውን ሁሉ በልጦ ሰማዩን እንደ ወስፌ የሚወጋውን ሕንጻ። ቶሪኖ ውስጥ ተማሪ ሳይመረቅ ሞሌ አይወጣም፤ የወጣ አይመረቅም ይባላል። ኒቬስ አላምንበትም ትላለች፤ ግን ወጥታ አታውቅም። ሴኮንዶ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

«እኔ ጉልበቴን አሞኛል፤ አንቺ ይዘሻት ውጪ» አላት ልጁን።

«ፓፓ፣ ሞሌ እኮ ነው!»

«መሐንዲስ ነሽ ወይስ ባልቴት? አክስትሽ ብቻዋን ትውጣ?»

ኒቬስ አፈረችና ወጣች። ጉልበቱ ግን ደህና ነበር። ሁለቱ ተያይዘው ሲሄዱ እያየ በልቡ «እንግዲህ ሞሌ ያውቃል» አለ። ያቺን ቃል ካሰባት ጀምሮ ቡናው ሳይቀር ይጎመዝዘው ጀመር።

ኒቬስ ፈተናውን ወደቀች። የትሪየስቴ ሰዎች እስከሚቀጥለው ፈተና እንጠብቅሻለን፣ ከዚያ ወዲያ ግን አንችልም አሉ። እሷስ አላለቀሰችም። ያለቀሰችው ክሎቲልዴ ናት። ቱሊዮ ቡና ሲቀዳላት ቀልድ መስሎት የሞሌን ነገር ነግሯት ኖሯል።

«እኔ ከንቱ! ሕንጻ ልይ ብዬ የልጄን ዕድል ሰበርኩ!»

ከዚያ ወዲያ የበቆሎ ገንፎው፣ ፖሌንታው፣ ቢቀርብላት አትነካም። ኮንሶላታ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ሻማ ታበራለች። ሴኮንዶ ያያል፤ ዝም ይላል። ዝም ባለ ቁጥር ያ ጤነኛ ጉልበቱ የምር ያመው ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ክሎቲልዴ «ነገ አገሬ እገባለሁ፤ ዳግመኛም እዚህ ቤት አልመጣም፤ እኔ ገደ ቢስ ነኝ» ስትል ሴኮንዶ ሹካውን አስቀመጠ።

«አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። አውቄ ነው የላክኋት። እንዳትሄድብኝ ብዬ።»

ኒቬስ ትኩር ብላ አየችው። «እንድቀር ከፈለግህ ለምን አፍ አውጥተህ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትቀሪ ነበራ! አባቷ አስቀራት እንዳይባል… ሞሌ አስቀራት እንዲባል ነበር የፈለግሁት።»

«የወደቅሁትስ ደህና አድርጌ ስላላጠናሁ ነው» አለች። «አንተ ግን እንድወድቅ ተመኘህ። እኔን የሚያመኝ እሱ ነው።» ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች።

ክሎቲልዴ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጉልበቴን ብለህ!» አለችው። ሳህኗን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መብላት ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ሴኮንዶ ሱቁን አልከፈተም። የሟች ሚስቱን ትልቅ ሻንጣ፣ አንድ ጎማው የተሰበረውን፣ ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደው። ውጭ ይዘንባል። በበረንዳው ሥር እያንቋቋ ሲጎትተው ቱሊዮ ብቅ አለ።

«ሲኞር ሴኮንዶ፣ ሊጠፉ ነው እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም የምሄደው» አለና አለፈው።

ፒያሳ ሳን ካርሎ አደባባይ ሲደርስ ያ መሬት ላይ የተቀረጸው የነሐስ በሬ ዘንድ ቆመ። ዕድል የፈለገ ሁሉ እየረገጠው ጀርባው እንደ መስተዋት ሆኗል። ሴኮንዶ ግራ ቀኙን አየና ስለ ልጁ ብሎ እግሩን አነሳ። ከዚያ ሳይረግጠው መልሶ አወረደው።

«አንተስ ብታርፍ» አለው በሬውን፤ በጎኑም ዞሮ አለፈ።

ሻንጣ ጠጋኙ ጎማውን አገላብጦ አየ። «ሩቅ ነው የሚሄደው?»

«ሩቅ ነው» አለ ሴኮንዶ። «ጠንካራውን ጎማ አድርግለት።»