የሴጎቪያ ሳንቲም ቤትና የእትዬ ዘሃራ ወፍጮ

ሐሙስ፣ ንጋት 11 ሰዓት፤ ቦሌ

ጥቅምት 1988። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጋቢዬን ለባለቤቴ ሰጥቼ በተዋስኩት ኮት እንቀጠቀጣለሁ። ሃያ ዓመት በግንበኝነት ስኖር ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም፤ ዛሬ መሥሪያ ቤቴ ለአሥር ቀን የድንጋይ ሥራ ሥልጠና ስፔን ላከኝ። ደስታዬ ግን ሙሉ አይደለም። ከቦሌ ወዲያ ቡልቡላ ወፍጮ ቤት ያላቸው እትዬ ዘሃራ፣ ከወሎ መጥተው ከሟች ባላቸው ጋር ያሠሩት የድንጋይ ግድግዳ አብጦባቸው ምክር ቢጠይቁኝ፣ ይፍረስ ብያቸዋለሁ። በተመለስኩ ማግስት አፍራሾች ይገባሉ። መተዳደሪያቸው ወፍጮው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ረፋድ 4 ሰዓት፤ ሴጎቪያ

ከማድሪድ በአውቶቡስ ተራራውን ተሻግረን ወንዝ ዳር ወረድን። ለመንገድ የሰጡን ዳቦ መሐሉ የአሳማ ሥጋ ስለነበረ ዳር ዳሩን በላሁ።

ወንዙ ዳር የነገሥታት ሳንቲም ይመታበት የነበረ ቤት ቆሟል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ባዶ አዳራሾች፣ የውሃ ቦይ። ድሮ ውሃው መንኮራኩር እያዞረ ብሩን ለሳንቲም እየዳመጠ ያሳሳ ነበር። ኋላ ቤቱ ዱቄት ፋብሪካ ሆነ ሲሉኝ ልቤ ቡልቡላ ሄደ።

አሠልጣኛችን ዶን ሁልያን፣ ሽማግሌ ግንበኛ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ አንድ ጥግ በመዶሻ ነካ ነካ አደረገ። ባዶ ድምፅ ሰጠ። ሲልጠው ከሥሩ ድንጋዩ ረጥቧል።

"የለሰነው ሰው የጠቀመ መስሎታል" አለ በአስተርጓሚ በኩል። "እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ልስኑን ገፍቶ ያሳብጠዋል። ልጣችሁ አድርቁት፣ መጋጠሚያውን በኖራ ሙሉት።"

እንዲህ የታደሰ ግድግዳ ስንት ዓመት ይቆማል ብዬ ጠየቅሁት። አራት መቶ ዓመት የቆመውን ይህን ግድግዳ ጠይቀው፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን አፈርኩ። እኛ ዘንድ የድንጋይ ቤት ያለው ሰው ሲያልፍለት መጀመሪያ የሚያደርገው ቤቱን ሲሚንቶ ማልበስ ነው። የእትዬ ዘሃራንም ከሦስት ዓመት በፊት፣ ያምርልዎታል ብዬ የለሰንኩት እኔ ነኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

እሁድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ቡልቡላ

ከአውሮፕላን ወርጄ ቤቴ ሳልደርስ ታክሲ ያዝኩ። አስፋልቱ ሲያልቅ ሹፌሩ በጭቃው ተማረረ፤ ከፈረንጅ አገር የመጣ ሰው ቀጥታ ቡልቡላ ምን ያስኬደዋል ይላል።

ወፍጮው ተነቅሎ ሜዳ ላይ ላስቲክ ለብሷል። እትዬ ዘሃራ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"እትዬ፣ ቤቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

የላስቲኩን ጫፍ ወደ ወፍጮው ሳብ አደረጉ። "ባሌ ቢኖር ድንጋዩን እንድትሸፍነው አይፈቅድልህም ነበር" አሉ። "እኔ የምታውቅ መስሎኝ ነው።"

 ኮቴን አውልቄ ከጎረቤት መዶሻና ቱንቢ ለመንኩ። የመጀመሪያው ልስን ሲወድቅ የድንጋዩን ቀጥታ ለማየት ቱንቢውን ጣልኩ፤ ግድግዳው ቀጥ ብሏል። ያበጠው የእኔ ሲሚንቶ ኖሯል። እትዬ ዘሃራ ተነሥተው በርጥቡ ድንጋይ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

"ነገ ለማፍረስ የሚመጡትን ሰዎች ምን ልበላቸው?"

"ኖራ ይዛችሁ ኑ ይበሏቸው።"