ከበሮ የሚጋልበው እንግዳ

ወርቅ ፈላጊ ፈረንጆችን ተከትሎ ከሩቅ የባሕር ደሴት ወደ አሶሳ የመጣው ምግብ አብሳይ ጥቁር ሰው፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ረጅም ከበሮውን መሬት ላይ አጋድሞ እንደ በቅሎ ይቀመጥበታል። በመዳፉ እየመታ ቆዳውን በተረከዙ ሲጫነው ድምፁ ይቀጥናል፤ የአገሬው የበርታ ሴቶችም ሥራቸውን ትተው ይጨፍሩለታል።

አንድ ቀን አንድ የባሪያ ነጋዴ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠሩ ሰዎችን እንደ ከብት በገመድ እየነዳ መጣ።

«ምታ እንጂ፣ አንተ! እነዚህ ይጨፍሩና ገዢ ጉልበታቸውን ይይ» አለው።

የፈረንጆቹ አስተርጓሚ ሙርሳል ይህን ሲነግረው እንግዳው ከከበሮው ላይ ተነሣ።

«አያቴንም መርከብ ላይ አስጨፍረው ነው የሸጧት» አለ።

ነጋዴው ይህን ከሙርሳል ሲሰማ «ባሪያ ደግሞ አያት አለው?» ብሎ ሳቀ።

እንግዳው ቢላዋውን መዘዘ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ ከአገሩ ያመጣውን ከበሮ፣ ቆዳውን ከዳር እስከ ዳር ተርትሮ፣ ወደ ነጋዴው እግር ገፋው።

«እንግዲህ አንተው ምታው!»