ጋቢ የለበሰ ያነባል

ሥራ በጀመርኩበት ቀን በቀበናው ሰርቨር ክፍል የነበሩት የክፍሉ ኃላፊ አቶ መኩሪያ፣ የፕሮግራም ባለሙያዋ ጽጌና የጥገና ቴክኒሺያኑ ጌታቸው ነበሩ፤ ከእኔ ጋር አራት። በሩ ጀርባ አንድ ጋቢ ተሰቅሏል። ማቀዝቀዣው ክፍሉን ከእንጦጦ ጠዋት የባሰ ያበርደው ስለነበር፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ያንን ጋቢ ይደርባል።

መሥሪያ ቤታችን የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይሰጥ ነበር፤ መዝገቡ ሁሉ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባለው ዋና ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ባለጉዳዮች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ይጠብቁናል።

አቶ መኩሪያ ጋቢውን አንሥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉና፣ «እዚህ ጋቢ የለበሰ ያነባል» አሉኝ። የክፍሉ ሥርዓት ይህ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አንዱ ገብቶ የሰርቨሩን ሁኔታ የሚያሳዩትን ቁጥሮች ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቀሩት ከውጭኛው ክፍል ያዳምጣሉ። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ከሚደረደሩባቸው ዓምዶች ሁለቱን አስቀድሜ ተማርኩ። «አር» የሚለው በፕሮሰሰሩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ማስያ፣ ለመሠራት ተራ የያዙትን ሥራዎች ይቆጥራል። «ቢ» የሚለው ታግደው የቆሙትን፣ አብዛኛውን ጊዜም መዝገቡ የተቀመጠበት ዲስክ እስኪመልስላቸው የሚጠብቁትን ይቆጥራል። «ቢ፣ ዜሮ» ተብሎ ሲነበብ ጌታቸው ከውጭ «አሜን!» ይላል።

ቀደም ሲል ሒሳብ አስተምር ስለነበር ጽጌ «መምህር» ትለኛለች። ተናጋሪ አልነበርኩም። «መምህር የሚናገረው ጋቢ ሲለብስ ብቻ ነው» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እውነቷን ነው።

አንድ ክረምት ሲስተሙ ተንቀራፈፈ። ግቢው በባለጉዳዮች ጃንጥላ ተሞላ። ችግሩ የሚብሰው የቆዩትን መዝገቦች ከአዲሶቹ ጋር የሚያመሳክረው የጽጌ ፕሮግራም ሲነሣ ነበርና፣ አቶ መኩሪያ ጥፋተኛውን አገኘሁ አሉ።

«ዝጊው!»

«ዘጋሁት ጋሼ። እምቢ አለኝ።»

ራሳቸው ተቀምጠው፣ ማንኛውም ፕሮግራም አይቋቋመውም የሚባለውን የመግደያ ትእዛዝ ሰጡ። ፕሮግራሙ ንቅንቅ አላለም። ደገሙት።

«እንደ ባለቤቱ ግትር ነው!»

«እንግዲያው እኔን ይግደሉና ይሞክሩ» አለች።

ጌታቸው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም። «ከሰኞ ጀምሮ መዝገብ ቤት ትሠሪያለሽ። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ ይወገዳል። እኛም ተጨማሪ ፕሮሰሰር እንጠይቃለን።»

 ጽጌ መሳቢያዋን ከፍታ ዕቃዋን ማውጣት ጀመረች።

የማንበብ ተራው የእኔ አልነበረም። ሆኖም ጋቢውን ደረብኩና ገባሁ።

«አር፣ ዜሮ። ቢ፣ አሥራ አራት።»

«ምን ለማለት ነው መምህር?» አሉ አቶ መኩሪያ በሩ ላይ ቆመው።

እሳቸው ተወልደው ያደጉት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል አጠገብ ስለሆነ፣ በሚያውቁት ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ጠበል ቦታ ሰልፉ ረዝሞ፣ ካህኑ ባዶ ጣሳ ይዘው ቆመው ቢያገኟቸው፣ ሌላ ካህን ያስጠራሉ?»

«ምን ሊያደርጉልኝ? የጠፋው ውሃው!»

«ፕሮሰሰሩም እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ተራውን የሚጠብቅ አንድም ሥራ የለም። አሥራ አራቱ የቆሙት ለዲስክ ነው። የጽጌ ፕሮግራም ብዙ ስለሚያነብ ቀድሞ ዓይን ውስጥ ገባ እንጂ ከተሰላፊዎቹ አንዱ ነው። አልሞት ያለውም ዲስኩ ሳይመልስለት የመግደያውን ትእዛዝ እንኳ መቀበል ስለማይችል ነው።»

አቶ መኩሪያ ወደ ውጭኛው ክፍል ዞሩ። ከዚያም «ጌታቸው፣ ዲስኮቹን እያቸው» አሉ።

ጌታቸው ባትሪ ይዞ ከመደርደሪያው ሥር ተንበረከከ። «አንዱ እያጣጣረ ነው። ማንበብ ያቅተዋል፣ መልሶ ይሞክራል፤ እስከዚያ ሁሉም ተገትረው ይጠብቁታል።» ነቅሎ አወጣው። ተመሳሳዩን መረጃ የያዘው ጥንዱ ዲስክ ሥራውን ተረከበ።

«ፕሮግራሙ አሁን ሞተ!» ብላ ጮኸች ጽጌ ከውጭ። ሞት በእንዲህ ያለ ደስታ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችው። ከምሳ በፊት ከአግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሰው መጉደል ጀመረ።

አቶ መኩሪያ ይቅርታ አልጠየቁም። ጋቢውን ከትከሻዬ አንሥተው ለጽጌ ደረቡላትና «አንብቢ» አሏት።

«ቢ፣ ዜሮ።»

«አሜን!» አለ ጌታቸው። ጽጌ ዕቃዋን ወደ መሳቢያው መለሰች።

ዛሬ የምኖረው አያት ሰፈር ነው። ቤቴ ጸጥ ያለ ነው፤ የዚያ ማቀዝቀዣ ድምፅ ይናፍቀኛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጠዋት ስነሣ አንዳንዴ ጆሮዬ ቁጥር የሚያነብ ሰው ይጠብቃል።

ለሥራው አዲስ ለሆኑ የማስተላልፈው ይህን ነው፤ «ቢ» ሲያድግ የሚመረመረው የሚጠበቀው ነገር ነው፤ የሚጠብቀው አይከሰስም።

ሰርቨሮቹ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ክፍሉ ሲዘጋ አቶ መኩሪያ ዐርፈዋል፤ ጌታቸውም ሥራ ቀይሯል። ከመጀመሪያው ቀን ሰዎች በሩን ለመቆለፍ የቀረነው ሁለት ነበርን፤ ጽጌና እኔ። ጋቢው አንድ ነበር። እሷ ወሰደችው።