በስቱኮ የተደፈነችው ጀልባችን

ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ ጌጃ ሰፈር ካለ የመኪና ጋራዥ፣ ተጠግና አዲስ ቀለም የተቀባችውን ጀልባችንን ልረከብ ሄጄ ገና ስወጣባት ወለሉ ተሰነጠቀና እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ።

ከአባቴ የወረስናት አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ናት። ዝዋይ ላይ ሰው ታሻግራለች። ወለሏ ሲረገጥ መርገብ ስለጀመረ፣ ከፋይበሩ ስር የበሰበሰው እንጨት ወጥቶ እንዲቀየር አደራ ብዬ ነበር የሰጠኋት።

ባለጋራዡ ጋሽ ታዬ ግን እንደ ኮሮላ በር በስቱኮ ደፍነው ቀለም ቀብተዋታል። (ቀለሙ ማማሩን አልክድም።)

«ጋሽ ታዬ፣ እንጨቱን እኮ አልቀየሩትም» አልኳቸው።

«እስክስታ ልትመቺባት ነው እንዴ? ቀስ ብለሽ ርገጪ። ይልቅ ወንድምሽን ላኪው፣ ከወንድ ጋር እንግባባለን።»

«ወንድሜ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ መሐንዲሷ እኔ ነኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ የራስዎን ልጆች ጭነው በዚህች ጀልባ ሐይቅ መሀል ይገባሉ?»

ሠራተኞቻቸውን ጠርተው ወለሉን ማስነሳት ጀመሩ። ወለሉ በሙሉ እስኪነሳ እዚያው ቁጭ አልኩ። እንጨቱ በእጅ ሲነካ ይፈረፈር ነበር።

እናንተስ «ከወንድ ጋር እንግባባለን» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። እኔ ከእንግዲህ ቀለም አይቼ ሥራ አልረከብም። በገዛ ንብረቴ «ወንድ አምጪ» መባልንም አልቀበልም።