ሐሙስ ሐሙስ የሚጫወቱት ሉዶ

ሙሉሽ ጂንካ ከድሮው የአውሮፕላን ሜዳ አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ባሏ ፍሥሐ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ከዱስ ወዲያ ወዳለች ቀበሌ ተመድቦ ከሄደ አምስት ወር ሆነው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ድምፁን ቀድቶ ይልክላታል፣ እሷም ቀድታ ትመልስለታለች፤ የሚደርሰው ግን ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ለምን ሐሙስ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

የሁለቱም ስልክ ላይ ሉዶ አለ፤ እጮኛሞች ሳሉ የጫኑት ነው። አንድ ሐሙስ ረፋድ ልጇን አስተኝታ ብትከፍተው፣ ፍሥሐ ከሱአድ ጋር እየተጫወተ መሆኑን ያሳያል። ሱአድን በስም ታውቃታለች፤ የቀበሌዋ አዋላጅ ነርስ ናት። ፎቶዋን አስፍታ አየችው። ጥቁር መነጽር፣ ሳቅ በሳቅ።

"ጥርሷ ደግሞ ሲያምር!" አለች ሙሉሽ።

ደወለች። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ጨዋታው ግን ይቀጥላል። ማታ፣ የላከውን ድምፅ ስትሰማ "ናፍቃችሁኛል፣ ምን ላድርግ፣ ኔትወርክ የለም" ይላል። ለእኔ የጠፋ ኔትወርክ ለሷ ከየት መጣ?

በሳምንቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ሐሙስ የደንበኛ ቀሚስ ላይ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችው። ጎረቤቷ ኤልሳቤጥ አይታ፣

"ምን ሆነሻል አንቺ?" አለቻት።

ሙሉሽ የሉዶውንና የሱአድን ነገር ዘርዝራ ነገረቻትና፣ "ነገ ወደ ዲመካ በሚወጣው መኪና ቦታ ይዣለሁ። ልጄን አዝዬ እሄዳለሁ። ከዲመካ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሬ።"

"ሄደሽ ምን ልትያት? ዳይሱን አምጪ ልትያት ነው?"

"ሳቂብኝ! ያንቺ ባል እኮ ስልክ መክፈት አይችልም።"

ኤልሳቤጥ ስትሄድ ሙሉሽ መንገዱን መጠበቅ አቃታት። ሉዶውን ከፍታ ለሱአድ ጻፈች፦ "ከሰው ባል ጋር መጫወት ይጣፍጣል? ነገ መኪና ተሳፍሬ እመጣልሻለሁ!"

መልሱ ቆይቶ መጣ፦ "እኔ ራሴ የሰው ባል ነኝ እህቴ። አብዱሰላም እባላለሁ፣ የጤና ኬላው ጥበቃ።"

መልሱን ደግማ እያነበበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩ የፍሥሐ ነው፣ ድምፁ የሽማግሌ።

"ታደለ እባላለሁ ልጄ፣ የቀበሌው መኪና ሹፌር። የሠራተኛውን ስልክ ሐሙስ ሐሙስ በከረጢት ሰብስበን ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እናወጣለን። መልእክቱ እስኪወጣና እስኪገባ እኔና አብዱሰላም በባልሽና በሱአድ ስልክ እንጫወታለን። ባለቤቶቹ ፈቅደውልናል።"

"ታዲያ ስደውል ለምን አያነሱም ጋሼ?"

"የሰው ስልክ ይነሳል እንዴ? ነውር አይደለም? ዛሬ እንኳ ነገሩ ስለከፋ ነው የደወልኩት።"

ሙሉሽ አፍራ ሳቀች። ግን ሌላ ነገር ትዝ አላት።

"የስልኩን መክፈቻ ነገረዎት ማለት ነው? ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም እኮ!"

ከታደለ ኋላ አብዱሰላም ሲስቅ ይሰማል።

"እሱን ራሱን ጠይቂው። አሁን ልንወርድ ነው፣ ለባልሽ ምን ልበለው? ነገ የምትመጪበትን ነገር ትተይዋለሽ?"

ሙሉሽ የተኛች ልጇን አየቻት። አባቷ ሲሄድ አትድህም ነበር።

"አልተወውም ጋሼ። ሚስትህ ነገ ተነሥታ ትመጣለች ይበሉት" አለችና፣ ሊዘጋው ሲል ደግሞ ጨመረች፣ "ሱአድም ትስማ።"