እትዬ መዝገብ የተቀየመችባቸው ሁለት ጠዋቶች

እትዬ መዝገብ ይሏታል። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤቱን መዝገብ ቤት ይዛ ስለኖረች ተማሪ ያወጣላት ስም ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን የሚያስታውስ መኖሩን እንጃ። አላገባችም። ለምን ሲሏት «መዝገቡ ቦታ ያዘብኝ» ትላለች፤ ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን አትስቅም።

የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገብቶ ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት ርእሰ መምህሩ ሠራተኛውን ሰበሰበና «ግቢው ይዘጋ፤ ልጆቹን ግን አንለቃቸውም» አለ። መምህራኑ በር ላይ ቆመው ለወላጅ የመልመጃ ወረቀትና ሳሙና እንዲያድሉ፣ የቀረው ሠራተኛ ደግሞ ክፍል ተከፋፍሎ በየጠዋቱ በስልክ ስም እንዲጠራ ተወሰነ። ትኩሳት አለ? ራስ ምታትስ? አንገት አልታጠፍ ብሏል? አዎ ያለ ቤት ካለ ወዲያው ለጤና ጣቢያ ይነገራል። በሽታው ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ካልታከሙት ወይ ይገድላል ወይ አካል አጉድሎ ይሄዳል።

ለእትዬ መዝገብ አራተኛ «ለ» ደረሳት፤ አርባ አንድ ልጅ።

በወረርሽኝ ደስ አለው የሚባል ሰው የለም፤ ማለቱም ነውር ነው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ሴትዮዋ ያን ሰሞን ቀኗ ሞልቶላት ነበር። በአንዲት ክፍል ቤቷ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ትዘረጋለች፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ታደርጋለች፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ትደውላለች። ከአርባ አንደኛው ልጅ በኋላ እስከ ማግስቱ የሚያናግራት የለም። ጎረቤት በሩን ዘግቷል፤ ወንድሟ እንደሆነ የሚደውለው ሰው ሲሞት ነው።

ከሁሉም አብልጣ የምትወዳት ተራ ቁጥር ሠላሳ አንድን ነበር። «ለፍላፊዋ» ትላታለች። ይህች ልጅ «አቤት» ብላ አታቆምም፤ ድመቷ ምን እንደሰረቀች፣ ታላቅ እህቷ ስታበጥራት ፀጉሯን እንዴት እንደምትጎትት፣ ሁሉን ትዘረግፈዋለች። ስትጨርስም «እትዬ፣ የእርስዎስ አንገት ደህና ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ጠያቂዋን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ ግን ስልኩ ተነሳና «አቤት» ብቻ ተባለ።

«ትኩሳት አለሽ?»

«የለኝም።»

«ድመትሽስ?»

«ደህና ናት።» ስልኩ ተዘጋ።

እትዬ መዝገብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ድምፁ ወፈር ማለቱን ሳትሰማ አልቀረችም። ላልመጣ ጓደኛ «አቤት» የሚሉ ተማሪዎችን ስንቴ ሰልፍ ላይ በድምፃቸው ይዛለች! ያን ቀን ግን ልቧ ቀድሞ ተቀየመ። «ሰለቸኋት» አለች ለራሷ። «ደግሞስ ልጅ ናት፤ ከአሮጊት ጋር እስከ መቼ ታወራለች?» መዝገቡ ላይ «አለች» ብላ ምልክት አደረገች። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ፤ እሷም በበኩሏ ኮራችና ስለ ድመቷ ሳትጠይቅ ዘጋች። አሮጊት ስታኮርፍ ከሕፃን ትብሳለች።

ሐሙስ ኩርፊያው በረድ ሲልላት ረጋ ብላ አዳመጠች።

«አንቺ፣ ተራ ቁጥርሽ ስንት ነው?»

የክፍሉ ልጅ ሁሉ ተራ ቁጥሩን ከስሙ ቀጥሎ ያውቃል። በመልሱ ፈንታ የሰማችው ልቅሶ ነበር።

«እትዬ፣ እህቷ ነኝ። እሷ ዓይኗን አልገልጥ ብላለች። እማዬ ‹ከተናገርሽ ቤታችን ይታሸጋል› ብላኝ ነው።»

እትዬ መዝገብ የቀሩትን ልጆች ትታ ጤና ጣቢያ ደወለች። አምቡላንሱ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለቤተሰቡ መከላከያ መድኃኒት ተሰጠ፤ ቤቱን ያሸገ ግን አልነበረም። ልጅቱ ሃያ ቀን ሆስፒታል ተኝታ ተረፈች።

ትምህርት ቤቱ እንደገና በተከፈተ በሳምንቱ እናትየዋ መዝገብ ቤት መጣች፤ ልጅቱ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የማስታወቂያ ሰሌዳ ታያለች። እናትየዋ የእትዬ መዝገብን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

«ተይ፣ ተይ! ምን ነካሽ?»

«እርስዎ ባይደርሱልኝ ኖሮ ቀብሬያት ነበር። ዕድሜ ይስጥልኝ፣ እትዬ። አሁን መልቀቂያ ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

እትዬ መዝገብ የልጅቱን ስም ጠራች። ልጅቱ አልዞረችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«አትሰማም» አለች እናትየዋ። «ሁለቱም ጆሮዋ ሄዷል። መስማት ለተሳናቸው ትምህርት ቤት ተቀብለውልኛል፤ ወረቀቱ ለዚያ ነው። ሐኪሙ ‹ሁለት ቀን ቀደም ብላ ብትመጣ› አለኝ።»

እትዬ መዝገብ ብዕሯን አስቀመጠች። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም፤ ምርቃቱን ተቀብላ መኖር ትችል ነበር። አልቻለችም።

«የኔ እመቤት፣ አታመስግኚኝ። ማክሰኞም ረቡዕም ድምፁ የሷ እንዳልሆነ ጆሮዬ ነግሮኛል። ተቀይሜ ነው ዝም ያልኩት። ልጅቱን የሰለቸኋት መስሎኝ።»

ቁጣ ይመጣል ብላ እትዬ መዝገብ አንገቷን ደፋች፤ ቁጣ ቢመጣ ይሻላት ነበር።

«እትዬ፣ ማክሰኞ እኮ ስልኩ ገና እየጠራ ሳለ ቀድማ የያዘችው እሷ ነበረች» አለች እናትየዋ። «በዚያ ትኩሳት ከፍራሽ ተነስታ። ‹ተዉኝ፣ እትዬ ናት፣ አሞኛል ልበላት› እያለች ስታለቅስ ከእጇ ነጥቄ ለእህቷ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ መዝገብ መልቀቂያውን ጽፋ ጨረሰች፣ ማኅተም አደረገችበት፣ ቀለሙ እስኪደርቅም አብረው ቁጭ አሉ።